መታወቂያዬ የአጋሮ፣ ኑሮዬ ጅማ፦ የመራጭነት ካርድ እንዴት አወጣሁ?

ምርጫ ጣቢያው "የዚህ አካባቢ ነዋሪ መሆንዎን አያሳይም" ብሎ መለሰኝ። መታወቂያዬ የአጋሮ ነው፤ የምኖረው ግን ጅማ፣ ሄርማታ። ፓስፖርት አሳየሁ፤ ማንነቴን እንጂ የት እንደምኖር አይናገርም። የኪራይ ውልም አላዋጣኝም።

መፍትሔው መሸኛ፣ ማለትም ከቀድሞ ቀበሌ መልቀቅን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ሆነ። አጋሮ ሄጄ ከቀድሞ ቀበሌዬ አወጣሁና ከጉርድ ፎቶ ጋር ለጅማው ቀበሌ አስገባሁ። ከአዲሱ መታወቂያ ጋር፣ ከመቼ ጀምሮ እንደምኖር የሚገልጽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ አጻፍኩ። ይህችን ደብዳቤ እንዳትዘሏት! ሕጉ 18 ዓመት ከመሙላት በተጨማሪ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖርን ይጠይቃል፤ አዲስ መታወቂያ ላይ ያለው ቀን ደግሞ የትናንት ነው።

ከዚያ ወደ ምርጫ ጣቢያው ተመልሼ የመራጮች መዝገቡ ላይ ፈርሜ ካርዴን ተቀበልኩ። መሸኛ ጊዜ ይበላል፤ ምዝገባው ሳይከፈት ጀምሩት።