ልግዛ ወይስ ልጠብቅ? ኮምፒውተር ገዢዎች ደጋግመው የሚሠሯቸው ስህተቶች

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የሰርግ ቪዲዮ የምታቀናብር አንዲት ወጣት ሱቄ መጥታ ላፕቶፕ መረጠች። ማሽኑ ለሥራዋ ልክ ነበር፤ ዕቁብ ስለወጣላት ገንዘቡም በእጇ ነበር። ደጃፉ ላይ ደርሳ ቆም አለችና «ዶላሩ ሰሞኑን ይረጋጋል እየተባለ ነው፤ እስቲ ሁለት ወር ልታገሥ» አለችኝ። አልተከራከርኳትም። ጥር መጣ፤ የሰርግ ወር። አሮጌው ላፕቶፕ የአንዱን ሰርግ ቪዲዮ ለማውጣት ሦስት ሌሊት እየፈጀባት ሁለት ደንበኞች ሥራቸውን ወደ ሌላ ሰው ወሰዱ። በየካቲት ስትመለስ ያው ላፕቶፕ ዋጋው ጨምሮ ጠበቃት። በጥቅምቱ ቀን ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

«ቴክኖሎጂ ነው፣ ይረክሳል» ብሎ መቀመጥ

ይህን አባባል በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምሰማው ቆጥሬ አልጨርሰውም። አባባሉ በተወለደበት አገር እውነት ነው። ሰው ደመወዙን በዶላር ተቀብሎ በዶላር በሚገዛበት ቦታ፣ አዲስ ሞዴል ሲወጣ የአምናው ይቀንሳል፤ የታገሠም ያተርፋል። አዲስ አበባ ላይ ግን በአንድ ዕቃ ላይ ሁለት ዋጋዎች ይንቀሳቀሳሉ። አንዱ የዕቃው የዶላር ዋጋ ነው፤ ሌላው የዶላሩ የብር ዋጋ። የመጀመሪያው በዝግታ ሲወርድ ሁለተኛው ሲወጣ ኖሯል።

ወረቀት አውጥታችሁ አስሉት። ዛሬ 600 ዶላር የሚያወጣ ላፕቶፕ በዓመቱ 15 በመቶ ቀንሶ 510 ዶላር ሆነ እንበል። አስመጪው ዛሬ ዶላሩን በ120 ብር አስልቶት ከሆነና በዓመቱ በ150 ቢያሰላው፣ 72,000 ብር የነበረው ዕቃ 76,500 ብር ይሆናል። ዕቃው አርጅቷል፣ በዶላር ረክሷል፣ እናንተ ግን ጨምራችሁ ትከፍላላችሁ። ቀረጡና ትራንስፖርቱ ገና አልተነካም።

ይህ የወረቀት ላይ ስሌት ብቻ አይደለም። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. መንግሥት የብርን ዋጋ በ15 በመቶ ሲቀንስ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም እዚያው ነበርኩ። 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በዚያው ቀን ወደ 75 ብር ተጠጋ፤ ነሐሴ ሳያልቅ ከ100 ብር አለፈ። አስመጪው ቀድሞም በትይዩ ገበያው ምንዛሪ ያሰላ ስለነበር የመደርደሪያው ዋጋ በባንኩ ልክ አልዘለለም። ቢሆንም የጨመረ እንጂ የቀነሰ ዋጋ ለጥፌ አላውቅም።

ደግሞም መጠበቅ ነጻ አይደለም። ሰው ሁሉ የሚያሰላው በዕቃው ላይ የሚያተርፈውን ነው፤ በእነዚያ ወራት ያልሠራውን ሥራ የሚያሰላ አላየሁም። ማሽኑ እንጀራችሁ ከሆነ፣ ገንዘቡ በእጃችሁ ካለና ሥራው በር ላይ ቆሞ ከሆነ ግዙ። በዚህ ላይ ጥርጣሬ የለኝም።

ሜሞሪንና ማከማቻን እንደ ሌላው ዕቃ ማየት

ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ሜሞሪ)፣ ኤስኤስዲና ሃርድ ዲስክ (ፋይል የሚቀመጥባቸው) በየዓመቱ እየረከሱ የሚሄዱ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የእነርሱ ዋጋ እንደ ሽንኩርት ነው፤ ሲትረፈረፍ ይረክሳል፣ ሲጠፋ ኪስ ያራቁታል። እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ2011 መጨረሻ ታይላንድን ጎርፍ ሲያጥለቀልቅ የሃርድ ዲስክ ፋብሪካዎች ውኃ ውስጥ ገቡ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዋጋው በዓለም ገበያ እጥፍ ደረሰ። «ሳምንት እመለሳለሁ» ብለው የወጡ ደንበኞቼ የዚያን ዓመት ሃርድ ዲስክ ሳይገዙ ቀሩ።

የራም ነገር ደግሞ የቅርብ ትዝታ ነው። የዓለምን ራም በአብዛኛው የሚያመርቱት ሦስት ኩባንያዎች ናቸው፤ ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን። እ.ኤ.አ. በ2025 የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ምርቱን መጠቅለል ሲጀምሩ ፋብሪካዎቹ ወደ ትልቁ ገዢ ዞሩ፤ ለእኛ ዓይነቱ ተራ ገዢ የቀረው አነሰ፤ ዋጋውም በወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ወጣ። ማይክሮን በዚያው ዓመት መጨረሻ ክሩሻል በሚል ስም ለተራ ተጠቃሚ የሚያቀርበውን ሽያጭ እንደሚያቆም አስታወቀ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሌላ 8 ጊጋባይት እንዲጨምሩ ለምኜ «ለጊዜው ይበቃኛል» ያሉኝን ሰዎች መልክ አልረሳም።

ስለዚህ ሜሞሪ ሲረክስ ካያችሁ የሚያስፈልጋችሁን ያህል ያኔውኑ ሙሉ። ላፕቶፕ ስትገዙ ደግሞ «ራሙን በኋላ አስጨምራለሁ» ከማለታችሁ በፊት ማስገቢያ ቦታ እንዳለው አስከፍታችሁ እዩ። በብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ራሙ ከማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍል ከሚሰካበት ዋና ሰሌዳ) ጋር ተበይዶ ስለሚመጣ ምንም ልናደርግላችሁ አንችልም። ይህን ለሰው መንገር ከሥራዬ ሁሉ የምጠላው ክፍል ነው።

በወጣ በሳምንቱ መግዛት

አትጠብቁ ስል ትናንት የወጣውን ግዙ ማለቴ አይደለም። አዲስ ዕቃ የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚፈተነው በገዢው ገንዘብ ነው። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ጄኔሬሽን የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች (የኮምፒውተሩ አእምሮ) ሥራ ላይ ሳሉ ሲሰናከሉ ቆይተው፣ ኩባንያው ችግሩን አምኖ ማስተካከያ ያወጣውና ዋስትናውን በሁለት ዓመት ያራዘመው እ.ኤ.አ. በ2024 ነበር። 13ኛው ከወጣ ያኔ ሁለት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። አሜሪካ ያለው ገዢ ፕሮሰሰሩን በፖስታ መልሶ ሌላ ይቀበላል። ከዱባይ በሻንጣ የገባ ፕሮሰሰር መርካቶ ውስጥ ቢበላሽ ወደ ማን ይመለሳል?

እኔም ይህን ጥፋት ፈጽሜያለሁ። ለአንድ የሥነ ሕንፃ ቢሮ ገና የወጣ ማዘርቦርድ አስመጥቼ ስድስት ኮምፒውተሮች ገጣጠምኩ። ራሙ በሙሉ ፍጥነቱ ሲሠራ ኮምፒውተሮቹ በየሰዓቱ ይቆማሉ። አምራቹ ማስተካከያ እስኪያወጣ አራት ወር አለፈ፤ እስከዚያ በየሳምንቱ ሄጄ ይቅርታ ስጠይቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምሸጠው ቢያንስ ዓመት የሞላው ሞዴል ነው። ጉድለቱ ታውቋል፣ መለዋወጫው ገብቷል፣ የሚጠግነውም ሰው ተገኝቷል።

መጠበቅ የሚገባበትን ጊዜ አለመለየት

መጠበቅ ትክክል የሚሆንበት ጊዜም አለ። ዋጋው የሰቀለው በጊዜያዊ ግርግር ከሆነ ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ2020 መስከረም በ699 ዶላር የወጣው የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3080 ግራፊክስ ካርድ በቀጣዩ ዓመት በእጥፍና ከዚያም በላይ ይሸጥ ነበር፤ አንዱ ምክንያት ኢቴሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ ለማምረት ካርዱ መፈለጉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መስከረም ኢቴሪየም አሠራሩን ለውጦ ካርድ የማያስፈልገው ሆነ፤ ገበያውም በረደ። ለጨዋታ ብሎ በግርግሩ ወቅት የገዛ ሰው ተጎዳ። ሥራው የማይቆምበት ሰው መጠበቅ ይችላል፤ የሰርግ ቪዲዮ የምታቀናብረው ወጣት ግን አትችልም ነበር።

«ኮር አይ ሰቨን ነው?»

ረክሶ ያገኛችሁት ላፕቶፕ ለምን እንደረከሰ ጠይቁ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ያገለገሉ የ6ኛና የ7ኛ ጄኔሬሽን ላፕቶፖች ገበያውን ያጥለቀለቁት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ገዢው ግን አሁንም የፕሮሰሰሩን ተለጣፊ አይቶ «ኮር አይ ሰቨን ነው?» ይለኛል። የ7ኛው ጄኔሬሽን ኮር አይ ሰቨን 7500ዩ ሁለት ኮር (ሥራውን የሚከፋፈሉ ክፍሎች) ብቻ ነው ያለው። የ8ኛው ኮር አይ ፋይቭ 8250ዩ አራት አለው። እባካችሁ ከ«ሰቨን» በኋላ ያለውን ቁጥር አንብቡ።

ከውጭ በዘመድ ማስላክ፣ ሳያጣሩ

በኅዳር ወር አሜሪካ ያለው ታላቅ ቅናሽ እውነተኛ ነው፤ ዘመድ ያለው ይጠቀምበት። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካለ ችግር የለም። ዴስክቶፕ ከሆነ ግን ከኋላው ፓወር ሰፕላዩ (ኤሌክትሪኩን የሚቀበለው ክፍል) ላይ ያለችውን፣ ቮልቱን የምትመርጠውን ትንሽ ቀይ ማብሪያ ሳታዩ እንዳትሰኩ። አንድ ወንድም ከአሜሪካ ለእህቱ የላከው ዴስክቶፕ ማብሪያው 115 ላይ እንዳለ 220 ቮልት ላይ ተሰካ። ፍንዳታው ለጎረቤት ተሰማ። ፓወር ሰፕላዩ ማዘርቦርዱንም ይዞት ሄደ፤ ከዚያ ሁሉ ዕቃ ያዳንኩላት ኤስኤስዲውንና ራሙን ብቻ ነው። ከእስራኤል ወይም ከዓረብ አገር የሚመጣ ከሆነ ስለ ቁልፍ ሰሌዳው ፊደል አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሳያስፈልግ ገዝቶ ማስቀመጥ

የብርን መውረድ ያየ ሰው አንዳንዴ ወደ ተቃራኒው ይሮጣል። አንድ አባት ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ከመግባቷ ሁለት ዓመት ቀደም ብለው «ሳይወደድ» ብለው ላፕቶፕ ገዙላት። በካርቶኑ እንዳለ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጡት፤ ልጅቱም ውጤት እስክታመጣ ለምና አላገኘችውም። የመግቢያዋ ሳምንት ይዘውልኝ መጡ። ባትሪው ባዶውን ብዙ ወራት ተቀምጦ ሞቷል፤ የአንድ ዓመት ዋስትናውም ሳይከፈት አልፏል። ሊትየም ባትሪ ባዶውን እንዲህ ከተቀመጠ ብዙ ጊዜ ተመልሶ አይነሣም፤ ማስቀመጥ ግድ ከሆነ በግማሽ ሞልቶ፣ በየሁለትና ሦስት ወሩ እያዩ ነው።

«ለእርሷ ብዬ እኮ ነው፣ ወንድሜ» አሉኝ። ገባኝ። ባትሪውን ለወጥኩ፣ ሁለት ዓመት የተከማቸውን ማሻሻያ አወረድኩ፣ ለባትሪው ከመግዣ ዋጋው በላይ አልጠየቅኳቸውም። ልጅቱ በማግስቱ ከአባቷ ጋር መጥታ ተረከበችው፤ ያኔውኑ ቆማ እያለች የይለፍ ቃል አወጣችለት።