ማዲያትን በማይክሮኒድሊንግ ማከም፦ ለባሕር ዳርና ለጣና ዳርቻ ነዋሪዎች

ማይክሮኒድሊንግ እጅግ ቀጫጭን በሆኑ መርፌዎች የፊትን ቆዳ እየወጋ በዓይን የማይለዩ ቀዳዳዎችን የሚከፍት ሕክምና ነው። ቆዳው ቀዳዳዎቹን ሲጠግን ኮላጅን የተባለውን፣ ቆዳን የሚያጠነክር ፕሮቲን ያመርታል፤ ከላይ የሚቀባው መድኃኒትም በቀዳዳዎቹ በኩል ከወትሮው በተሻለ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ለማዲያት የሚገኘው ጥቅም በአብዛኛው ከዚህ ከሁለተኛው ስለሚመነጭ፣ መርፌው ረዳት እንጂ ራሱን የቻለ መድኃኒት ተደርጎ መቆጠር የለበትም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2018 መሣሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈቅድ ለብጉር ጠባሳ ነበር፤ ለማዲያት የሚውለው በሐኪሙ ውሳኔ ነው። እንደ ሌዘር ሙቀት ስለማይጠቀም ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ የተሻለ ቢሆንም፣ በጥልቀት ወይም በኃይል ከተሠራ ቁስሉ ራሱ አዲስ ጥቁረት ጥሎ ያልፋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ጥቁረቱ ምን እንደሆነ በቆዳ ሐኪም ማስለየት ነው። ማዲያት ብዙውን ጊዜ በሁለቱም ጉንጮች፣ በግንባርና በላይኛው ከንፈር ላይ ተመሳስሎ ይወጣል፤ እርግዝና፣ የወሊድ መከላከያ እንክብልና ፀሐይ ያባብሱታል። ብጉር ጥሎት የሄደው ጥቁረት ግን ብጉሩ በነበረበት ቦታ ብቻ ይቀራል፤ ከፀሐይ ከተጠበቀም በጊዜ ብዛት ራሱ ሊደበዝዝ ይችላል። በሱቅ ከሚሸጡት የፊት ማቅያ ክሬሞች መካከል ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ ያለባቸው አሉና፣ እንዲህ ያለ ክሬም ሲቀቡ የቆዩ ከሆነ ዕቃውን ይዘው ሄደው ለሐኪሙ ያሳዩ። በስቴሮይድ የሳሳ ቆዳ በመርፌ ሊነካ አይገባም፤ ክሬሙን በራስ ውሳኔ በድንገት ማቆምም ፊትን ሊያስቆጣ ይችላል።

ሁለተኛው ሥራ ፀሐይ ነው፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ ጨረሩ ከቆላው ይበረታል፤ ፀሐይም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ፣ እኩለ ቀን ላይ በቀጥታ አናት ላይ ትውላለች። የነሐሴ ደመና ጨረሩን ጨርሶ አይከለክልም። ከመጀመሪያው ዙር በፊት ቢያንስ ለአራት ሳምንት ያህል የመከላከል መጠኑ (ኤስፒኤፍ) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ በየማለዳው መቀባትና ውጭ ሲውሉ በየሁለት ሰዓቱ መደገም ይገባል። ለፊትና ለአንገት የሚበቃው፣ በሌባ ጣትና በመሐል ጣት ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የተዘረጋው ያህል ነው። ማዲያትን የሚያነሣሣው የማይታየው ጨረር ብቻ ሳይሆን የሚታየው ብርሃን ጭምር ስለሆነ፣ አይረን ኦክሳይድ የተባለው፣ ይህን ብርሃን የሚከላከል ማዕድን ያለበትና የቆዳ ቀለም የተቀላቀለበት ሰንስክሪን ይመረጣል። ስስ ነጠላ ብርሃን ያሳልፋል፤ ጥቁር ዣንጥላ ይሻላል። በጀልባ ወደ ዘጌ ሲሻገሩ ግን ከውኃው ላይ የሚያንጸባርቀው ብርሃን ከዣንጥላው ሥር ስለሚገባ ሰንስክሪኑን የሚተካ ነገር የለም። የምጣድ ሙቀትም ማዲያትን ያባብሳል፤ በሕክምናው ወራት እንጀራውን ሌላ ሰው ቢጋግር መልካም ነው።

ፊታቸው ላይ መግል የያዘ ብጉር፣ ችፌ ወይም ምች ያለባቸው እስኪድኑ መጠበቅ አለባቸው። ምች ደጋግሞ የሚወጣባቸው አስቀድመው ቢናገሩ ሐኪሙ መከላከያ መድኃኒት ሊያዝላቸው ይችላል። ጠባሳቸው አብጦ የሚያድግ ሰዎችና ነፍሰ ጡሮች ሕክምናውን ቢተዉት ይሻላል፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ወይም ለከባድ ብጉር የሚዋጠውን አይሶትሬቲኖይን የሚወስዱም ከሐኪማቸው ጋር ሳይነጋገሩ አይጀምሩ።

በዕለቱ የማደንዘዣ ክሬም ተቀብቶ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆያል። የመርፌው ጫፍ ከታሸገበት ሲወጣ በዓይንዎ ማየት መብትዎ ነው፤ አንድ ጫፍ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ አገልግሎ ይጣላል። ለማዲያት ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ጥልቀት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል፤ ግንባርና የላይኛው ከንፈር ከዚህም ያነሰ ይፈልጋሉ። ደም በብዛት መፍሰሱ የጥሩ ሥራ ምልክት አይደለም፤ ነጠብጣብ ሆኖ ብቅ ካለ በቂ ነው። በላዩ የሚቀባው፣ ለምሳሌ ጥቁረትን የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ ከጀርም የጸዳ መሆን አለበት። ለቆዳ ላይ ብቻ የተሠሩ የቫይታሚን ሲ ቅባቶች በመርፌ ወደ ውስጥ ሲገቡ እባጭ ያስከተሉባቸው ታካሚዎች ተመዝግበዋልና ሎሚም ሆነ የራስዎን ሴረም ይዘው አይሂዱ። በየአራት ሳምንቱ ከሦስት እስከ ስድስት ዙር መሥራት የተለመደ ነው።

በቤት ውስጥ ፊት ላይ የሚንከባለለውን፣ መርፌ የተተከለበትን ደርማሮለር እኔ አልመክርም። መርፌዎቹ ቶሎ ይደንዛሉ፣ ይጎብጣሉም፤ እህትማማቾች ወይም ጓደኛሞች ከተዋሱት ደግሞ ሄፓታይተስ ቢንና ኤችአይቪን ሊያስተላልፍ ይችላል።

ከሕክምናው በኋላ ፊት ለአንድ እስከ ሦስት ቀን ይቀላል። የመጀመሪያውን ቀን በጥላ ይዋሉ፤ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይታጠቡ፤ ሽታ የሌለው ማለስለሻ ብቻ ይቀቡ፤ ሰንስክሪኑን በማግስቱ ይጀምሩ። ለጥቂት ቀናት የሐይቅ ውኃ፣ የወይባ ጢስና ሜካፕ ይቅሩ። ለጋ ቅቤም ፀጉር ላይ አይደረግ፤ ሲቀልጥ በግንባር ላይ ይወርዳልና። የጥር 11 ውኃ ፊት ላይ መረጨቱ ስለማይቀር ቀጠሮውን ከጥምቀት አንድ ሳምንት አስቀድሞ መያዝ ወይም ከበዓሉ በኋላ ማድረግ ይመረጣል። ሕመሙ ከመቀነስ ይልቅ ከጨመረ ወይም መግል ከታየ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ከእያንዳንዱ ዙር በፊት በአንድ መስኮት አጠገብ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ፎቶ ይነሡ። ከሦስተኛው ዙር በኋላ ፎቶዎቹን ሲያስተያዩ ጥቁረቱ ከጨመረ ወይም ምንም ለውጥ ካላሳየ፣ አራተኛውን ከመክፈልዎ በፊት ሐኪሙ ምርመራውን እንደገና እንዲያይልዎ ይጠይቁ።