ተሳቢ ካልጎተቱ መጎተቻውን ይንቀሉት

ከመኪናዎ ኋላ የሚወጣው የተሳቢ መጎተቻ ብረት የሚነቀል ዓይነት ከሆነ መኪናውን ሲያቆሙ ያውጡት። የደቂቃዎች ሥራ ነው፦ ፒኑን መንቀል፣ ብረቱን ስቦ ማውጣት፣ በጨርቅ ጠቅልሎ በዕቃ መጫኛው ውስጥ ማስቀመጥ። ከባድ ስለሆነ እንዳይንከባለል ይሰሩት። ባዶ ቀዳዳውንም ጭቃ እንዳይገባው ይክደኑት።

አጥብቄ የምናገረው በቆሙ መኪኖች መካከል የሚያልፈውን እግረኛ አስቤ ነው። በመጎተቻው ጫፍ ያለው ተሳቢው የሚያያዝበት ኳስ ብዙውን ጊዜ 50 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጥቅጥቅ ብረት ሲሆን፣ የሚገኘውም በቅልጥም ከፍታ ነው። በጨለማ ደግሞ ጨርሶ አይታይም። ቅልጥሙን በብረት የተመታ ሰው ሕመሙን አይረሳውም፤ ዕቃ የተሸከመ ሰው ደግሞ እግሩ ሥር ያለውን እንኳ ማየት አይችልም።

ከኋላዎ የሚያቆመው ሾፌርም ርቀቱን የሚገምተው በፓራውልትዎ እንጂ በብረቱ ጫፍ አይደለም። ትንሽ ንክኪ የእሱን ፓራውልት ሊበሳ ይችላል፤ ኃይሉም በቀጥታ ወደ እርስዎ መኪና ሻንሲ (መኪናውን ወደሚሸከመው የብረት አካል) ይተላለፋል።

የማይነቀል ከሆነስ? ኳሱን ደማቅ ቀለም ባለው የጎማ ክዳን ይሸፍኑት፤ ወደ ኋላ እየነዱ ሲያቆሙም ብረቱ የእግረኛ መንገድ ላይ እንዳይወጣ ቀደም ብለው ይቁሙ። ወርደው አንድ ጊዜ ቢያዩት ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው።