የአያቴ ፊት ለምን ጨለመ?

በጥምቀት ሰሞን አያቴን ፋሲል ግቢ ወስጄ ፎቶ አነሳኋቸው። ነጠላቸው ቦግ ብሎ ወጣ፤ ፊታቸው ግን ጨለመ። ሠላሳ ፎቶ አንስቼ አንዱም እሳቸውን አይመስልም። በጣም ከፋኝ።

ጥፋቱ ሁለት ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ከአናት ስለምትወርድ ዓይን ሥር ጥላ ይጥላል። ነጠላው ደግሞ ስልኩን ያታልለዋል፤ ነጩን ሲያይ ብርሃን የበዛ መስሎት ምስሉን ያጨልማል።

በማግስቱ ቤት ሞከርኩ። ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ፣ ፊታቸውን ወደ ደጅ አዙሬ አስቀመጥኳቸው። ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጋሁት፤ ብርሃኑን መልሶ አገጫቸው ሥር ያለውን ጥላ አሳሳው። ስክሪኑ ላይ ፊታቸውን ነክቼ ምስሉን የምታፈካውን የፀሐይ ምልክት በጣቴ ትንሽ ወደ ላይ ሳብኳት።

«ፈገግ ይበሉ» ማለቱንም ተውኩት፤ የሰው ፊት ያደርቃል። ይልቅ «እማማ፣ በልጅነትዎ ጥምቀት እንዴት ነበር?» አልኳቸው። ወሬው ሲይዛቸው እጃቸው ሳያስቡት አንገታቸው ላይ ወዳለው ንቅሳት ሄደ። ያኔ አነሳሁ።

ፎቶውን ሳጎላው ዓይናቸው ውስጥ በሩ ትንሽ ነጭ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል።