ግራፊንን በአዮን ስትመቱ ከሥሩ ያለውን ብረት አትርሱ

ሰሞኑን የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ሳነብ ያው ስህተት ለአራተኛ ጊዜ መጣብኝ። ስለዚህ ልጻፈው።

እኛ ጅማ ላይ የምንሠራው በኮምፒውተር ነው። የአርጎን አዮን (የኤሌክትሪክ ሙል ያለው የአርጎን ጋዝ አቶም) ግራፊን (የአንድ አቶም ውፍረት ያለው የካርቦን ንጣፍ) ላይ እንተኩሳለን፣ ስንት ካርቦን እንደተነቀለ እንቆጥራለን። ልጆቹ ታዲያ ግራፊኑን ባዶ ቦታ ላይ አንጠልጥለው ይመቱትና ውጤቱን «ኢሪዲየም (ብረት ነው) ላይ ያለ ግራፊን» ብለው ይጽፉታል። ኧረ ተዉ! ብረቱ እኮ ጠረጴዛ አይደለም። ግራፊኑ ተንጠልጥሎ ከሆነ የተመታው ካርቦን በታች በኩል ወጥቶ ይሄዳል። ብረት ላይ ከሆነ ግን መሄጃ የለውም፤ በሁለቱ መካከል ይቀራል። ሲሞቅ ተመልሶ ቀዳዳ ሊደፍን ይችላል። የቀዳዳው ጠርዝ ላይ ያሉት ካርቦኖችም ወደ ታች ጎንበስ ብለው ብረቱን ይይዛሉ። አዮኑ ራሱ ሳይቀር ከሥር ይታሰራል። በኋላ ናሙናው ሲሞቅ የታሰረው ጋዝ ይሰበሰብና ግራፊኑን ያሳብጠዋል፤ ልክ ምጣድ ላይ ያለ ቂጣ እንፋሎት ሲይዝ እንደሚነፋው። ብረቱን ከሲሙሌሽኑ ያወጣ ሰው ይህን ሁሉ አያይም። ብረት ሁሉም አንድ አይደለም ደግሞ፤ ኒኬል ግራፊኑን አጥብቆ ይይዛል፣ ኢሪዲየም ላላ አድርጎ።

የአዮኑን ብዛት ሳያሰሉ መተኮስም አለ። አንዲት ጎበዝ ተማሪ «መምህር፣ ግራፊኑ ወንፊት ሆነብኝ» ብላ መጣች። 5 በ5 ናኖሜትር በሆነ ሳጥን ላይ 200 አዮን ተኩሳለች። አብረን ቁጭ ብለን አሰላነው፦ በ1 ስኩዌር ናኖሜትር 38 ያህል ካርቦን አለ፣ እሷ እዚያው ላይ 8 አዮን አሳርፋለች። ወንፊት ቢሆን ምን ይገርማል?

የጊዜ እርምጃውን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የአቶሞቹን ቦታ በየስንት ጊዜው እንደሚያሰላ፣ አሳጥሩት። 1 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው አርጎን በ1 ፌምቶሰከንድ (የቢሊዮንኛ ሰከንድ ሚሊዮንኛ) 0.07 ናኖሜትር ይሄዳል፤ በሁለት ጎረቤት ካርቦኖች መካከል ያለው ርቀት 0.142 ናኖሜትር ነው። እርምጃችሁ 1 ፌምቶሰከንድ ከሆነ አዮኑ በአንድ ጊዜ የዚህን ግማሽ ያህል ይዘላል ማለት ነው።

መብራት ሳይሄድባችሁ ሥራችሁን በየመሃሉ ሴቭ አድርጉ።

የመጨረሻውን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። ራማን በሚባለው የብርሃን መለኪያ ላይ ጉዳትን የሚያሳየው የዲ ጫፍ የግራፊኑ የራሱ ከሆነው ከጂ ጫፍ ጋር ሲነጻጸር ዝቅ ብሎ አየሁና ለተማሪዬ «ግራፊኑ አገግሟል» አልኩት። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ጉዳቱ ሲጀምር ንጽጽሩ ይወጣል፤ ጉዳቱ በጣም ሲበዛ ግን መልሶ ይወርዳል፣ ጫፎቹም ይሰፋሉ። ልጁ በእኔ ቃል አንድ ምዕራፍ ሙሉ ጽፎ ነበር፤ እንደገና አስጻፍኩት፣ ይቅርታም ጠየቅኩት። አሁን ጫፎቹ ምን ያህል እንደሰፉ ሳላይ አንድ ቃል አልናገርም።