«ፕሮፌስድ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ወደ ቱርክኛና ወደ አማርኛ ለመመለስ

የእንግሊዝኛው «ፕሮፌስድ» (professed) አንድ ሰው በሰው ፊት «አምናለሁ» ወይም «ነኝ» ብሎ የተናገረውን እምነት፣ አቋም ወይም ማንነት የሚገልጽ ቅጽል ነው። ሆኖም ቃሉ ብቻውን ሰውየው ከልቡ ይሁን ከአፉ አይነግረንም። አንድ ቦታ «በይፋ የመሰከረው» ማለት ሲሆን፣ ሌላ ቦታ «እሱስ እንዲህ ይላል» ወደሚል ጥርጣሬ ያዘነብላል። ስለዚህ በድሬዳዋ ወይም በሐረር ተቀምጦ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ ቱርክኛ ወይም ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው መዝገበ ቃላት ከመግለጡ በፊት፣ ጸሐፊው የሚናገርለትን ሰው ያምነዋል ወይስ ይጠረጥረዋል ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

መልሱ የሚገኘው ከጎረቤት ቃላቱ ነው። ስለ ሰላም ወዳድነቱ የተነገረለት ሰው በዚያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ መሣሪያ ሲገዛ ከተገለጸ፣ ጸሐፊው እየጠረጠረ ነው። ቃሉ የገባው በማመልከቻ ቅጽ፣ በሕይወት ታሪክ ወይም በመዝገብ ላይ ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ገለልተኛ ነው።

ገለልተኛ በሚሆንበት ጊዜ በቱርክኛ «ኬንዲ ኢፋዴሲይሌ» ማለት ይበቃል፤ ትርጉሙ «በራሱ አነጋገር» ነው። ጥርጣሬ ሲኖርበት «ሶዝዴ» ወይም «ጉያ» ይገባል። የመጀመሪያው ቃል በቃል «በቃል» ማለት ሲሆን የሚያጣጥል ድምፅ አለው፤ ሁለተኛው ከአማርኛው ጉያ ጋር አይገናኝም፣ «ነው ይባላል እንጂ» ለማለት የሚያገለግል ነው። በአማርኛ «ተብዬ» እና «ነኝ ባይ» አሉን። እኔ «ነኝ ባይ»ን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም «ተብዬ» ሌሎች የሰጡትን ስም ሲያጣጥል፣ «ነኝ ባይ» ግን ሰውየው ራሱ ለራሱ የሰጠውን ስም ይይዛል፣ የእንግሊዝኛውም ቃል መነሻ ይኸው ነው። የላቲን ሥሩ በሰው ፊት መናገርንና ማመንን ያመለክታል፤ «ፕሮፌሰር»ም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስተው የቱርክኛው «ኢቲራፍ» ነው። ቃሉ ከዐረብኛ የተወሰደ በመሆኑ፣ ዐረብኛ የሚያውቅ የሐረር ወይም የድሬዳዋ ተርጓሚ ቶሎ ያምነዋል፤ በዐረብኛ ኢዕቲራፍ ለአንድ መንግሥት ዕውቅና መስጠትን ጭምር ያጠቃልላልና። በዛሬው ቱርክኛ ግን በብዛት የተደበቀ ነገርን፣ በተለይም ጥፋትን፣ ማመንን ያመለክታል፤ ለመንግሥት ዕውቅና «ታንማ» የሚል ሌላ ቃል አለ። እምነቱን በይፋ የተናገረ ሰው «ኢቲራፍ» ሲደረግለት ምእመን መሆኑ ይቀርና ተከሳሽ ይመስላል። አማርኛም ከዚህ አደጋ ነፃ አይደለም። «አመነ» ስንል «በእግዚአብሔር አመነ» እና «ፖሊስ ፊት አመነ» አንድ ግስ ናቸው፤ «ተናዘዘ» ደግሞ ኃጢአትን ወይም ኑዛዜን ብቻ ይጠራል። ስለዚህ ለእምነት «መሰከረ» ወይም «በይፋ ተናገረ» የተሻለ ነው።

ሌላው የቱርክኛ ቃል «ኢክራር»ም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአሌቪዎች (በቱርክ ያሉ የአንድ እምነት ተከታዮች) ዘንድ ወደ መንገዳቸው የሚገባ ሰው የሚሰጠው ቃል ኪዳን ሲሆን፣ በቱርክ የፍርድ ቤት ቋንቋ ግን ተከራካሪ ወገን የተቃራኒውን ነጥብ መቀበሉ ነው። የቱርኮች የኦቶማን መንግሥት በ1912 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሐረር ቆንስላ ከፍቶ ስለነበር፣ ከዚያ ዘመን የተረፈ ወረቀት የሚያጋጥመው ሰው ይህን ልብ ይበል፤ ቱርክ ከዐረብኛ ፊደል ወደ ላቲን ፊደል የተሻገረችው በ1928 ነውና፣ ፊደሉን ማንበብ ቃሉን ማወቅ አይደለም። ወደ እስልምና የገባ ሰውን በተመለከተ ግን ችግር የለም፦ በቱርክኛ «ከሊመ-ኢ ሸሃዴት ጌቲርዲ»፣ በአማርኛ «ሸሃዳ ያዘ» ይባላል።

የካቶሊክ መነኩሲቶችን የሚመለከት ሰነድ ሲመጣ «ፕሮፌስድ» አመለካከት ሳይሆን ሥርዓት ነው፤ ድህነትን፣ ንጽሕናንና ታዛዥነትን በመሐላ የተቀበለች ማለት ነው። በካቶሊክ ቀኖና መሠረት ጊዜያዊው መሐላ ከ3 ዓመት አያንስም፣ ከ6 ዓመትም አይበልጥም፤ ሊራዘም ግን ይችላል። ዘላቂው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰነዱ የትኛውን እንደሚል ካልታወቀ መነኩሲቷን ራሷን መጠየቅ ይገባል። «የመነኮሰች» ብሎ መተው አይበቃም፤ አንባቢው የኦርቶዶክስ ገዳም ሊመስለው ይችላል።

ጽሑፉ ሆን ብሎ የሰውየውን ቅንነት አሻሚ አድርጎ ከተወው ተርጓሚው አይወስንለት። በቱርክኛ «ዴዲይኔ ጎሬ»፣ በአማርኛ «እርሱ እንደሚለው» ብሎ ማለፍ ይችላል፤ ሁለቱም ምስክርነቱን ለተናጋሪው ይተዋሉ። ለፍርድ ቤት ወይም ለኤምባሲ በሚቀርብ ወረቀት ላይ ይህ አማራጭ ከሁሉ ይመረጣል፤ እዚያ ስለ ሰውየው ቅንነት የመፍረድ ሥልጣን የተርጓሚው አይደለምና።