ሕመም ኩሽናውን እንዳይነጥቅዎ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የስኳር፣ የግፊት፣ የኩላሊት፣ የመገጣጠሚያ ወይም ሌላ የማይለቅ ሕመም ያለበት ሰው ስለ ምግብ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ የክልከላ ዝርዝር ነው። ይህን ይተዉ፣ ያንን ይቀንሱ። እሺ ይሁን። ግን ማን ያበስለዋል? በየትኛው ጉልበት? ማብሰል ይወድ የነበረ ሰውስ ደስታውን የት ያድርገው? ይህን የሚጠይቅ እምብዛም የለም።

ብዙዎች ከኩሽና የሚርቁት ጨርሶ አቅም ስላጡ ብቻ አይመስለኝም። ከመታመማቸው በፊት በለመዱት መንገድ ለማብሰል እየሞከሩ፣ እየተሸነፉ፣ በመጨረሻ ስለሚሰለቻቸው ነው። ማብሰል ደግሞ አንድ ሥራ አይደለም። መግዛት አለ፣ ማጠብ አለ፣ መላጥ፣ መክተፍ፣ ማቁላላት፣ መቅመስ፣ ማቅረብ፣ ከዚያ የዕቃው ክምር። ከዚህ ሁሉ ውስጥ እርስዎ ከልብ የሚወዱት ምናልባት ሁለቱን ይሆናል። ጉልበትዎን ለእነዚያ ያስቀምጡ። ሌላው በአቋራጭ ይሠራ፣ ሰው ይሥራው፣ ወይም ይቅር።

ደህና በዋሉበት ቀን ሁሉንም ለመጨረስ መሞከር

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ደግሞም ከሁሉም የሚገባኝ። ሲያምዎ ከርሞ አንድ ጠዋት ቀለል ብሎዎት ይነሳሉ። ወዲያው የተጠራቀመው ሥራ ይታይዎታል። ሦስት ዓይነት ምግብ ይሠራሉ፣ ፍሪጁን ያጸዳሉ፣ ምድጃውን ይፈትጋሉ። ከዚያ ለቀናት አልጋ ላይ ነዎት።

የሚያታልለው ዕዳው ዘግይቶ መምጣቱ ነው። ከባድ ድካም በሚያስከትሉ አንዳንድ ሕመሞች፣ ከአቅም በላይ መሥራት የሚያመጣው መባባስ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ቆይቶ ነው የሚታየው። ስለዚህ ሰው ጥፋተኛውን አያገኘውም። «እንቅልፍ ስላጣሁ ነው»፣ «የበላሁት አልተስማማኝም» ይላል እንጂ ከትናንት በስቲያ የላጠውን የድንች ክምር አያስታውሰውም።

መፍትሔው ከደከሙ በኋላ ሳይሆን ከመድከምዎ በፊት ማቆም ነው። ለመናገር ይቀላል፣ አውቃለሁ። ግማሹ ተከትፎ ግማሹ ሲቀር «ልጨርሰውና ልነሳ» ያሰኛል። ስለዚህ ሥራውን አስቀድመው ይክፈሉት። ማታ ተቀምጠው ይክተፉ፣ በማግስቱ ያብስሉ፣ ዕቃው ተዘፍዝፎ ይቆይ። የሚሻልዎትን ሰዓትም ይወቁ። የመገጣጠሚያ ብግነት ያለባቸው ብዙ ሰዎች ጠዋት ጠዋት ጣታቸው አልታዘዝ ይላቸዋል። በዚያ ሰዓት ሽንኩርት መክተፍ ራስን መቅጣት ነው።

በደህናው ቀን የግድ ማብዛት ካማረዎት መጠኑን ያብዙ እንጂ ዓይነቱን አያብዙ። ለአራት ሰው የሚሆን ሾርባና ለስምንት ሰው የሚሆን ሾርባ በድካም እምብዛም አይራራቁም። ትርፉ ፍሪዘር ገብቶ ሕመሙ ሲነሳ ይጠብቅዎታል።

ተቀምጦ ማብሰልን እንደ ሽንፈት ማየት

ቆሞ ማብሰል ሕግ አይደለም። መቆም ራሱ ጉልበት ይበላል። ሲቆሙ ልባቸው የሚመታና የሚያዞራቸው ሰዎች አሉ፣ ሙቀት ሲጨመርበት ይብስባቸዋል። መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን የሚያጠቃ ሕመም ያለባቸው ብዙ ሰዎችም ሰውነታቸው ሲሞቅ የሕመሙ ምልክት ይበረታባቸዋል። ለእነዚህ ሰዎች ምድጃ ሥር ቆመው ከሚያማስሉት ይልቅ ከድነውት ሄደው የሚቀመጡበት ምግብ ይሻላል። ከፍ ያለ በርጩማ ኩሽና ውስጥ ይግባ። መክተፉ ደግሞ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ይሁን፣ ሬዲዮም ተከፍቶ።

ስለ እጅም ላንሳ። ቢላዋዎ ስለታም ይሁን። የደነዘ ቢላዋ ብዙ ግፊት ይፈልጋል፣ ሲያመልጥም የሚቆርጠው ጣት ነው። ቀጭን እጀታ ላይ ጨርቅ ጠምጥመው ያወፍሩት። ከመክተፊያው ሥር እርጥብ ፎጣ ያንጥፉ፣ አይንሸራተትም። ውሃ የሞላ ድስት ደግሞ አይሸከሙ። ባዶውን ድስት ምድጃው ላይ አስቀምጠው ውሃውን በኩባያ ይጨምሩ። ሲበስልም ድስቱን አንስቶ ከማጥለል ምግቡን በጭልፋ ማውጣት ይቻላል። ማንሳት የግድ ከሆነ በሁለት እጅ ነው።

የስኳር ሕመም ነርቭዎን ጎድቶ ጣትዎ የማይሰማ ከሆነ ሙቀትን በጣት አይለኩ። ቃጠሎው የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። አስም ያለበት ሰው ደግሞ መስኮቱን የሚከፍተው ጭሱ ከታየ በኋላ ሳይሆን ምድጃው ከመለኮሱ በፊት ነው።

አቋራጩን እንደ ማጭበርበር መቁጠር

«ሁሉንም በእጄ ካልሠራሁት አበሰልኩ አልልም» የሚሉ ሰዎች አሉ። ይበሉ፣ ጉልበት ካላቸው። በፍሪዘር የሚሸጥ አትክልት ብዙ ጊዜ በተለቀመ በአጭር ጊዜ ውስጥ የሚቀዘቅዝ በመሆኑ በንጥረ ነገር ከትኩሱ እምብዛም አያንስም። የታሸገ ባቄላም በወንፊት ቢያለቀልቁት ከጨዉ ጥሩ ድርሻው አብሮ ይታጠባል። መላጥና መፍጨት የሚያደክምዎት ከሆነ የተላጠውን ይግዙ። ቅመሙን የሚመጥነው እጅ የእርስዎ እስከሆነ ድረስ ምግቡም የእርስዎ ነው።

ጨው ሲቀነስ ጣዕም አብሮ ሄደ ብሎ ተስፋ መቁረጥ

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል። ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ዳቦው ውስጥና የታሸገው ምግብ ውስጥ ያለው ጨውም ተቆጥሮ ነው። ይህን ሲሰሙ ብዙዎች ያለ ጨው የተቀቀለ አትክልት ፊታቸው ይደቀንባቸዋል። ባለሙያነት የሚፈተነው ግን እዚህ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ጨው ብዙ ስንፍናን ሲሸፍን የኖረ ነገር ነው።

ሽንኩርቱን አያጣድፉት። እሳቱን ዝቅ አድርገው ቀልቶ እስኪጣፍጥ ይጠብቁት። ደረቅ ቅመም ዘይት ሳያገኘው ትንሽ ይሙቅ፣ መዓዛው ይነሳል። ምግቡ ከእሳት ሲወርድ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ጠብ ያድርጉበት። ጎምዛዛ ነገር የጎደለውን ጨው ያስረሳል። እንጉዳይና የቲማቲም ድልህ ደግሞ ወፈር ያለ፣ አፍ የሚሞላ ጣዕም ይሰጣሉ። ይህ ጣዕም ኡማሚ ይባላል። ምንጩን ከባሕር አረም መረቅ ለይቶ ያወጣው ጃፓናዊው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ ነው፣ በ1908 እ.ኤ.አ.። የተፈቀደልዎትን ጨው ደግሞ ውስጥ አብስለው ከሚያጠፉት መጨረሻ ላይ ላዩን ነስነስ ያድርጉት። ምላስ ቀድሞ የሚያገኘው እሱን ነው።

ለምላስም ጊዜ ይስጡት። ጨው ሲቀነስ መጀመሪያ ላይ ሁሉ ነገር ላሽ ይላል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ይለምዳል። ያኔ የድሮው ምግብ ጨው የበዛበት ይመስልዎታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ይህን እንዳያልፉት። «የጨው ምትክ» ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ ፖታሲየም ክሎራይድ፣ ማለትም ፖታሲየም የተባለው ማዕድን ያለበት ጨው፣ አለባቸው። ለኩላሊት ሕመምተኛና አንዳንድ የግፊት ወይም የልብ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ከፍ አድርገው የልብ ምትን ሊያዛቡ ይችላሉ። ሐኪምዎን ሳይጠይቁ አይግዙ።

በራስ ላይ ክልከላ መደራረብ

ሐኪሙ ሁለት ነገር ይከለክላል፣ ጎረቤት አንድ ይጨምራል፣ ቲክቶክ አምስት። መጨረሻ ላይ የሚበላ ነገር ይጠፋል፣ የማብሰል ፍላጎቱም አብሮ። ለአንዱ ጥሩ የሆነ ምግብ ደግሞ ለሌላው ላይሆን ይችላል። ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ብዙ ሰዎች አረንጓዴ ቅጠል በሙሉ የተከለከሉ ይመስላቸዋል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ሥራ ስለሚያዳክም ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ግን የቫይታሚን ኬ መጠኑ አንድ ቀን በዝቶ አንድ ቀን እንዳይጠፋ፣ በየጊዜው ተመጣጣኝ ሆኖ እንዲቀጥል ነው። ፖታሲየም እንዲቀንስ የተነገረው የኩላሊት ሕመምተኛም ድንችን ለዘላለም መሰናበት ላይኖርበት ይችላል። ተቆራርጦ በብዙ ውሃ ተቀቅሎ ውሃው ሲደፋ ከፖታሲየሙ ጥሩ ድርሻው አብሮ ይሄዳል። ምን ያህል ይበላል የሚለውን የሚወስነው የእርስዎ የደም ምርመራ ነው።

ሐኪም ወይም የሥነ ምግብ ባለሙያ ዘንድ ሲሄዱ «ምን ልተው?» ብቻ ብለው አይመለሱ። በጣም የሚወዱትን ምግብ አሠራር ጽፈው ይዘው ይሂዱና «ይህን እንዴት ላስተካክለው?» ይበሉ። መልሱ ሌላ ነው የሚሆነው።

የተረፈውን አሽትቶ መፍረድ

የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ይህን በቁም ነገር ይያዙት። የሚያሳምም ምግብ ሁልጊዜ አይሸትም። የተረፈው በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠፍጠፍ ባለ ዕቃ ተደርጎ ፍሪጅ ይግባ፣ ፍሪጁም ከ4 ዲግሪ አይብለጥ። በሦስት ወይም በአራት ቀን ውስጥ ካልተበላ ይጣል። ሲሞቅ ዳር ዳሩ ብቻ ሳይሆን መሃሉም እስከ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት። ክዳኑ ላይ ቀኑን ይጻፉ፣ በተለይ ሕመሙ ወይም መድኃኒቱ የሚያስረሳዎት ከሆነ። ለሚረሳ ሰው ድስትም በቃል አይያዝም፤ የስልኩ ማስጠንቀቂያ ይሞላ።

ጣዕም ሲለወጥ «እጄ ተበላሸ» ማለት

እጅዎ ይጣፍጣል ሲባሉ ኖረው አንድ ቀን ምግቡ ሁሉ ብረት ብረት ይላል። ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት፣ የካንሰር መድኃኒቶች፣ የኩላሊት ሕመም ራሱም ይህን ያደርጋሉ። ሙያዎ የትም አልሄደም። ለጊዜው ሌላ ሰው ይቅመስልዎ፣ ጨውና ቅመም በልኬት ይግባ። ሽታው የሚያስጠላዎት ከሆነ ቀዝቀዝ ያለ ምግብ ይቀልላል፣ ብዙም አይሸትምና። የብረት ማንኪያውንም በፕላስቲክ ወይም በእንጨት ይቀይሩት።

እርዳታን ወይ ጨርሶ መግፋት፣ ወይ ጠቅልሎ መስጠት

ቤተሰብ ሲያዝን «አንቺ ተኚ» ወይም «እማዬ፣ አንቺ አትነሺ፣ እኛ እንሠራዋለን» ይላል። ደግ ሐሳብ ነው። ግን የሚወዱትንም ይዞ ይሄዳል። በሌላ በኩል ሁሉን ልሥራ ብሎ መታገልም አያዛልቅም። የሚሻለው ለይቶ መናገር ነው። ድስቱን አውርዱልኝ፣ ሽንኩርቱን ላጡልኝ፣ ዕቃውን እጠቡ፤ ቅመሙን ግን እኔ። «አግዙኝ» ብቻ ከተባለ ሰው ምን እንደሚሠራ ስለማያውቅ ወይ ይቀመጣል፣ ወይ ኩሽናውን ይወርሳል።

ምንም ማብሰል የማይቻልበት ቀንም አለ። ለዚያ ቀን እሳት የማይፈልጉ ወይም ማሞቅ ብቻ የሚበቃቸው አራት አምስት ምግቦች ዝርዝር ፍሪጁ በር ላይ ይለጥፉ። ዝርዝሩን ደህና በዋሉበት ቀን ይጻፉት። ፍሪዘር ውስጥ ያለውንም ያካትቱበት፣ ያለበለዚያ መኖሩ ይረሳል።